የማይሰበር ክብረ ወሰን፦ ከሙሐመድ ዐሊ ቡጢ እስከ ባሌው ኢብራሂም ጀይላን



ስፖርት ወዳድ በተሰበሰበበት ሁሉ የማያልቅ ክርክር አለ፤ «ይኼ ክብረ ወሰን መቼም አይሰበርም» የሚል። ክርክሩ ከሁሉም በላይ በቡጢ ይበረታል። ቡጢ የሚለካው በሰዓትና በሜትር ሳይሆን በተጋጣሚ ስም ነውና፣ ማን ማንን አሸነፈ፣ ስንት ጊዜ አሸነፈ እያሉ ሲከራከሩ ማደር ነው። ዛሬ እኛም ከዚያው ከቡጢ ተነስተን ወደ ባሌ ደጋ እንመጣለን። ባሌ የቡጢ አገር ሆኖ አይደለም። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በሙሉ ከሩጫ ነው፤ ከቡጢ አንድም የለም። ነገር ግን ከባሌ የወጣ አንድ ሯጭ የያዘው ክብረ ወሰን ባሕርዩ ከሩጫው ይልቅ ወደ ቡጢው ያደላል። ስሙም ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ቡጢውን እንይ።

ጆ ልዊስ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው እ.ኤ.አ በሰኔ 1937 ነው። ቀበቶውን ይዞ የቆየው 11 ዓመት ከ8 ወር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 25 ጊዜ ክብሩን አስጠብቋል። በኛ ዘመን ለዚህ ቁጥር የቀረበ ቢኖር ዩክሬናዊው ውላድሚር ክሊችኮ ነው፤ እሱም በተከታታይ 18 ላይ ቆመ። ሄንሪ አርምስትሮንግ ደግሞ በ1937 እና በ1938 መካከል፣ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሦስት የተለያዩ የክብደት መደቦች ሻምፒዮን ሆኖ ሦስቱንም ቀበቶዎች በአንድ ጊዜ ያዘ። ያኔ የታወቁት የክብደት መደቦች 8 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ 17 ናቸው። በየመደቡም አራት ድርጅቶች ለየራሳቸው ቀበቶ ያድላሉ። አርቺ ሙር የሚባለው ደግሞ በሕይወት ዘመኑ ከ130 በላይ ተጋጣሚዎችን በዝረራ አሸንፏል። የዛሬ ስመ ጥር ቡጢኛ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው ቀለበት ውስጥ የሚገባው። በ20 ዓመት የሙያ ዘመኑ 40 ጊዜ ቢፋለም ነው። 130 ዝረራ ከየት ያመጣል?

እንግዲህ እነዚህ ቁጥሮች ያልተሰበሩት የዛሬ ሰዎች ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። ቁጥሮቹን የወለደው ዘመን ስላለፈ ነው። የዚያን ጊዜ ቡጢኛ የዕለት እንጀራውን ለማግኘት በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደባደብበት ጊዜ ነበር።

አንዳንዱ ቁጥር ግን አይደፈርም ሲባል ቆይቶ ይደፈራል። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተፋልሞ 49 ጊዜ አሸንፎ በ1956 ጡረታ ወጣ። ከ61 ዓመት በኋላ ፍሎይድ ሜይዌዘር 50 አደረገው። እውነት ነው፣ ሃምሳኛው ተጋጣሚ በፕሮፌሽናል ቡጢ አንድም ፍልሚያ ያላደረገ የሌላ ስፖርት ሰው ነበርና ብዙዎች ያጉረመርማሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን 50 ነው የተጻፈው። ሙሐመድ ዐሊም በ1964፣ በ1974 እና በ1978 የከባድ ሚዛንን ቀበቶ በማግኘት ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ነበር። በ2000 ኢቫንደር ሆሊፊልድ አራተኛውን ጨመረ። አሁን የሆሊፊልድን አራት የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? የዐሊን ሦስት ግን ሁሉም ያውቃል። ዐሊ ወደ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተነጥቆ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሳይፋለም ቆይቶ ነው የተመለሰው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ በስምንተኛው ዙር ጆርጅ ፎርማንን ሲዘርር ያየው ሰው ቀበቶ ለመቁጠር አይቸኩልም።

ነገራችን የሚጀምረው ግን ዐሊ ካሸነፋቸው ሳይሆን ዐሊን ካሸነፉት ሰዎች ነው። ዐሊ በፕሮፌሽናልነት 61 ጊዜ ተፋልሞ 56 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ተሸንፏል። ያሸነፉት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ጆ ፍሬዘር በ1971፣ ኬን ኖርተን በ1973፣ ሊዮን ስፒንክስ በ1978፣ ላሪ ሆልምስ በ1980፣ ትሬቨር በርቢክ በ1981። ከአምስቱ ስፒንክስ ሲያሸንፈው በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ገና ስምንተኛ ፍልሚያው ነበር። ይህ ዝርዝር ተዘግቷል። ስድስተኛ ሰው ሊገባበት አይችልም። ሌሎች ክብረ ወሰኖች «ሊሰበሩ ይከብዳል» ይባልላቸዋል፤ ይሄኛው ጨርሶ የሚሰበርበት መንገድ የለውም። በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ጠፍቷል።

እንዲህ ያለ የተዘጋ ዝርዝር በሩጫም አለ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የመጀመሪያው የባሌ ልጅ ነው።

ባሌ ስንል ሮቤ፣ ጎባ፣ ስናና፣ አጋርፋ፣ ጋሰራ ማለታችን ነው። (የአርሲውን ሮቤ ከባሌ ሮቤ የምታደናግሩ ወዳጆቻችን አትቀየሙን፤ የምናወራው ስለ ስንዴና ገብሱ አገር፣ ስለ ባሌው ነው።) ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጎባ ከእሷም ከፍ ትላለች። ከጎባ ሽቅብ ሲወጡ የሰነቴ አምባ ይመጣል፤ 4,000 ሜትር የሚደርስ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል። ለሳንባ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ሆኖም ስለ ሩጫ ሲወራ «አርሲና ባሌ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጠራና ዝናው በቆጂ ላይ ያርፋል። በቆጂ ይገባታል፤ ወደኋላ እንመለስባታለን። ባሌ ግን የራሷ ሰው አላት።

ኢብራሂም ጀይላን እ.ኤ.አ በ1989 ባሌ ውስጥ ተወለደ። በ2006 ዕድሜው 18 ሳይሞላ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ02.81 ሰከንድ ሮጠ። በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ10,000 ወርቅ አገኘ። መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ መጋቢት 30 ቀን 2008፣ ኤድንብራ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣት ወንዶች አሸናፊ ሆነ። ያ ቀን ለኢትዮጵያ ልዩ ነበር፤ በአዋቂ ወንዶች ቀነኒሳ በቀለ፣ በአዋቂ ሴቶች ጥሩነሽ ዲባባ፣ በወጣት ሴቶች ገንዘቤ ዲባባ አሸንፈው አራቱም የግል ወርቆች ወደ አንድ አገር ገቡ። አይደገምም የተባለ ቀን ነበር። ኬንያውያን በሁለት ዓመታቸው ፖላንድ ላይ አራቱንም ጠራርገው ደገሙት! ለዚህ ነው በቁጥር አትመኩ የምንለው።

ከዚያ በኋላ ወንድማችን ኢብራሂም ከዓይን ራቀ። ወደ ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ኩባንያ ቡድን ይሮጥ ነበር። አገር ቤት ያለው ተመልካች ስሙን እየረሳው መጣ፤ በዓለም መድረክ ላይም ከባድ ተፎካካሪ ብሎ የጠበቀው አልነበረም።

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 28 ቀን 2011፣ እሑድ። በሂጅራ አቆጣጠር ረመዷን 28 ቀን 1432 ነው፤ ዒድ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ፣ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ዩሴይን ቦልት በ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ ተነስቶ ከውድድር የተሰረዘውም በዚሁ ቀን ስለሆነ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ስለ ቦልት ጻፈ፤ የባሌው ልጅ ዜና ከሥር ተቀበረ።

በውድድሩ መነሻ ላይ የሁሉም ዓይን ያረፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነበር። አንደኛው በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2009 አራት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ ነው። ቀነኒሳ ግን በጉዳት ለረጅም ጊዜ ሳይወዳደር ነበር የመጣው፤ ሩጫው ሳያልቅ አቋርጦ ወጣ። ያን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «አለቀ በቃ» አለ። ሁለተኛው በሶማሌ ምድር ተወልዶ ለብሪታንያ የሚሮጠው ሞ ፋራህ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 26 ደቂቃ ከ46.57 ሰከንድ ሮጦ የአውሮፓን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበርና ወርቁ የሱ ነው ተብሎ አልቋል።

ፋራህ የመጨረሻው ዙር ደወል ሳይደወል አፈተለከ። ክፍተት ፈጠረ። ከኋላው ኢማና መርጋ አለ፣ ኢብራሂም አለ። የመጨረሻው ዙር ግማሽ ላይ ኢብራሂም ኢማናን አልፎ ፋራህን ማባረር ጀመረ። ያን ቪዲዮ ደግማችሁ ብታዩት፣ ፋራህ ወደኋላ እየዞረ ሲያይ ታገኙታላችሁ። ኢብራሂም ግን የትም አይዞርም። መጨረሻው ቀጥታ ላይ ደረሰበት፣ ጎን ለጎን ሆኑ፣ መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው አለፈው። ኢብራሂም 27፡13.81፣ ፋራህ 27፡14.07፤ ልዩነቱ 0.26 ሰከንድ። የመጨረሻዎቹን 400 ሜትሮች በ53 ሰከንድ ገደማ ነው የጨረሰው፤ ከ9,600 ሜትር ሩጫ በኋላ ማለት ነው። ሦስተኛም ያው የኛው ኢማና ነበር። በረመዷን ማብቂያ ሁለት ሙስሊም ወንድማማቾች ወርቅና ብሩን ተካፈሉ።

ያን ቀን ይህ ድል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ፋራህ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ክብደቱን የገለጠው ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው። ፋራህ ከሳምንት በኋላ እዚያው ዴጉ ላይ የ5,000 ሜትርን ወርቅ ወሰደ። በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ፤ በ2013 ሞስኮ ሁለቱንም፤ በ2015 ቤጂንግ ሁለቱንም፤ በ2016 ሪዮ ሁለቱንም፤ በ2017 ለንደን 10,000ን። ከዴጉ 10,000 ጀምሮ እስከ 2017 ለንደን 5,000 ድረስ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሎምፒክ በትራክ 12 ፍጻሜ ሮጠ። 10 አሸነፈ። የተሸነፈባቸው ሁለቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናቸው።

የመጀመሪያው የኢብራሂም ነው። የመጨረሻው የሙክታር እድሪስ። ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 12 ቀን 2017፣ ለንደን ላይ፣ በገዛ አገሩ ስታዲየም፣ በገዛ ሕዝቡ ጩኸት መካከል፣ ፋራህ ትራኩን ሊሰናበት የገባበትን የ5,000 ፍጻሜ ሙክታር በ13፡32.79 ወሰደው። ፋራህ 13፡33.22 ገባ። ሙክታር መስመሩን ካለፈ በኋላ የፋራህን የታወቀ የደስታ ምልክት እጆቹን አናቱ ላይ አድርጎ አሳየ፤ ስታዲየሙ ሳይወድ በግዱ አየው። በ2019 ዶሃ ላይም ወርቁን ደገመ።

እነሆ የተዘጋው ዝርዝር፦ ኢብራሂም ጀይላን፣ ሙክታር እድሪስ። ፋራህ ሩጫ አቁሟልና ሦስተኛ ስም አይጨመርም። ፋራህን በዓለም 10,000 ፍጻሜ ያሸነፈ ሰው ፈልጉ ቢባል ከዴጉ በኋላ ማንም የለም። እንደ ዐሊ አምስቱ ሰዎች ማለት ነው። እንዲያውም ከስፒንክስ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ፤ ሁለቱም ማንም ሳይጠብቃቸው መጡ፣ ሁለቱም የተሸነፈው ሰው በድጋሚ ተበቀላቸው። ስፒንክስ ከሰባት ወር በኋላ ቀበቶውን ለዐሊ መለሰ። ኢብራሂምም በ2013 ሞስኮ ላይ፣ በዒደል ፊጥር ሰሞን፣ ከፋራህ ጋር እንደገና ተገናኝቶ በ0.52 ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ወርቅና ብር ይዞ፣ አንድም ቀን ኦሎምፒክ ላይ ሳይሮጥ ቀረ። በ2008 ቤጂንግ የኢትዮጵያ ቡድን ሦስቱ ቦታዎች በቀነኒሳ፣ በስለሺ ስህንና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተይዘው ነበር፤ በ2012 እና በ2016ም ስሙ አልነበረም። በአራት ዓመት አንዴ ኦሎምፒክ ብቻ የሚያይ ሰው ኢብራሂምን ባያውቀው አይፈረድበትም።

ስለ ቀነኒሳ ካነሳን የአርሲውን ጎረቤታችንን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በ10,000 ሜትር 26፡17.53 የሆነው ክብረ ወሰኑ 15 ዓመት ቆሞ በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ ተሰበረ። የ5,000ውም በዚያው ዓመት በዚያው ሰው ሄደ። አዲስ ጫማ መጣ፣ በትራኩ ዳር ፍጥነት የሚመራ መብራት መጣ፤ የሰዓት ክብረ ወሰን ዕድሜው ይኸው ነው። የማይነካው ሌላ ነው፦ ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አምስት ዓመት በተከታታይ ማሸነፉ። ለምን አይነካም? አጭሩ ርቀት ከ2006 በኋላ ከውድድሩ ተሰርዟል። የሚሮጥበት መድረክ የለም።

ከሮቤ በአሰላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ዲንሾን፣ አዳባን፣ ዶዶላን አልፎ በቆጂ ይደርሳል። ያ መንገድ ላይ የተሳፈረ ሁሉ እህታችን ፋጡማ ሮባ የወጣችበትን አገር በመስኮት አይቷል። በቁጥር ሆኖ ሳለ «ይሄስ አይሰበርም» የምንለው አንድ ክብረ ወሰን ቢኖር የእሷ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም፣ አትላንታ ኦሎምፒክ፣ የሴቶች ማራቶን። ፋጡማ ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻዋን መርታ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ገባች። በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ይህ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ በ1997፣ በ1998 እና በ1999 ቦስተንን ሦስት ጊዜ ተከታትላ ማሸነፏም ይታወቃል። ብዙ የማይነሳው የልዩነቱ መጠን ነው። ሁለተኛዋ፣ የባርሴሎናዋ ሻምፒዮን ሩሲያዊት ቫለንቲና የጎሮቫ፣ የገባችው በ2፡28፡05 ነው። ልክ ሁለት ደቂቃ! በዚያ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ማለት ከ500 ሜትር በላይ ነው።

ትልቅ መሆኑን ለማወቅ ከሌሎቹ ጋር እናስተያየው። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1984 ነው፤ ያኔ አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት በ1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈች። ከዚያ በ1988 ልዩነቱ 13 ሰከንድ፣ በ1992 8፣ ከፋጡማ በኋላ በ2000 8፣ በ2004 12፣ በ2008 22፣ በ2012 ቲኪ ገላና ስታሸንፍ 5፣ በ2016 9፣ በቶኪዮው 16፣ በ2024 ፓሪስ ሲፋን ሐሰን ትዕግሥት አሰፋን ስትቀድም 3 ሰከንድ። ከ1984ቱ በቀር የቀሩትን ዘጠኙን ደምሩ፤ 96 ሰከንድ ይሆናል። የዘጠኝ ኦሎምፒክ ልዩነት ተደምሮ የፋጡማን 120 ሰከንድ አይሞላም። ዛሬ አሸናፊዋ እስከ መጨረሻው ኪሎ ሜትር ድረስ ከሦስትና ከአራት ሴቶች ጋር ተያይዛ ነው የምትመጣው፤ የሯጮቹ አቅም ተቀራርቧል፣ ብቻውን የሚወጣም ሰው ቶሎ ይደረስበታል። የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ከፋጡማ ወዲህ ስንት ጊዜ ወረደ! ይህ ሁለት ደቂቃ ግን እንዳለ አለ።

ወደ ባሌው ልጅ እንመለስና እንጨርስ። ከ1993 እስከ 2011 በተደረጉት 10 የዓለም ሻምፒዮናዎች የወንዶችን 10,000 ሜትር ኢትዮጵያውያን 9 ጊዜ አሸንፈዋል፤ ኃይሌ አራት፣ ቀነኒሳ አራት፣ ኢብራሂም አንድ። በመካከል ያመለጠን የ2001ዱ ብቻ ነው። ከዴጉ በኋላ ሰባት ሻምፒዮናዎች ተደርገዋል፦ ፋራህ ሦስቱን፣ ቼፕቴጌ ሦስቱን፣ በ2025 ቶኪዮ ላይ ፈረንሳዊው ጂሚ ግረሲየር አንዱን ወሰዱ። ሰለሞን ባረጋ የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥቶልናል፤ በዓለም ሻምፒዮና ግን በዚህ ርቀት ወርቅ ያጠለቀ የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ወንድ አሁንም ኢብራሂም ጀይላን ነው። ይህኛውን እንኳ እሱ ራሱም ቢሆን እንዲሰበርለት የሚፈልግ ይመስለናል። ቀጣዩ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ በ2027 ቤጂንግ ላይ ነው፤ ኢብራሂም የወጣቶቹን ወርቅ ባገኘባት ከተማ።